እጅ ሳይነካው ኮምፒውተር ማዘዝ፦ የትኛው ፕሮግራም ለማን?

ቀኝ እጄ መደንዘዙን መጀመሪያ ያወቅኩት ቡና ስቀዳ ነው። ጀበናውን ይዣለሁ፤ መያዜ ግን ጣቶቼ ላይ አይሰማኝም። ሥራዬ ትርጉም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ እውላለሁ። ሐኪሙ አንጓዬን አገላብጦ አየና ነርቩ ተጭኗል፣ ለሦስት ወር ኪቦርድና ማውስ እንዳይነኩ አለኝ። ሦስት ወር ያለ ሥራ መቀመጥ አልችልም ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሬን በአፌ ማዘዝ ጀመርኩ። እጄ ዛሬ ደህና ነው፣ ልማዱን ግን አልተውኩትም።

ይህን የምጽፈው እጃቸውን ለሚያማቸው፣ በአደጋ ወይም በሕመም እጃቸው አልታዘዝ ላላቸው፣ እንዲሁም ለእነሱ ኮምፒውተር ለሚያስተካክል ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ነው። እኔ ስፈልግ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

ማዘዝ ሌላ፣ ማስጻፍ ሌላ

መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን እንለይ። ማስጻፍ ማለት እናንተ ትናገራላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የተናገራችሁትን ይጽፋል። ማዘዝ ማለት ደግሞ ፎልደር ክፈት፣ እዚህ ጋ ክሊክ አድርግ፣ ወደ ታች ውረድ፣ ይህን ዝጋ ነው። ብዙ ሰው «በድምፅ የሚሠራ ሶፍትዌር» ሲባል ትዝ የሚለው ማስጻፉ ብቻ ነው። ስልካችን ላይ ማይኳን ነካ አድርገን መልእክት መላክ ለምደናላ። ማይኳን ለመንካት ግን ጣት ያስፈልጋል። እጁን መጠቀም ለማይችል ሰው ችግሩ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁርጡን ልንገራችሁ። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ፕሮግራሞች ውስጥ በአማርኛ ትዕዛዝ የሚቀበል የለም። አንድ ሱቅ «በአማርኛም ይሠራል» ብሎ የተጫነ ፕሮግራም ሸጦልኝ ቤት ገብቼ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብሬም አልተመለሰም። እናንተ እንዳትሸወዱ። የሚቻለው በእንግሊዝኛ ማዘዝና በአማርኛ ማስጻፍ ነው። ትዕዛዞቹ ጥቂት ደርዘን ቃላት ስለሆኑ እንግሊዝኛው የማያስቸግረው ሰው በሳምንት ይለምዳቸዋል።

ሦስተኛ፣ በምን እንመዝናቸው? ማስታወቂያዎቹ ሁሉ «እንከን የለሽ ትክክለኛነት» ይላሉ። እኔ ግን ሁሉም እንደሚሳሳቱ አይቻለሁ። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ያሉት ነገሮች ሁሉ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል፣ እኔ 13 ላይ ክሊክ ላደርግ «ሰርቲን» አልኩ። የሰማው «ሰርቲ» ነው። 30 ቁጥር ያለው «ላክ» የሚለው ላይ ነበር። ግማሹ ያልተተረጎመ ሰነድ ለደንበኛዬ ሄደ። የትኛው ፕሮግራም እንደነበር ማንሳት አያስፈልግም፣ በሁሉም ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲህ አንድ ፕሮግራም ሳይ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሲሳሳት በስንት ቃል እመልሰዋለሁ? ለመመለስስ እጄን ያስፈልገኛል?

ዊንዶውስ 11 ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ

ቮይስ አክሰስ ከዊንዶውስ 11 ጋር በነፃ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማሻሻያ ላይ በሙከራ መልክ ገባ፣ ከ2024 መስከረም ጀምሮ ደግሞ የድሮውን የዊንዶውስ የድምፅ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ተክቶታል። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ስፒች የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ የቋንቋውን ፋይል ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በየሰዓቱ በሚመጣና በሚሄድበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድምፃችሁም ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ሾው ነምበርስ» ስትሉ ክሊክ ሊደረግበት በሚችል ነገር ሁሉ ላይ ትንሽ ቁጥር ብቅ ይላል። ቁጥሩን መጥራት ነው። ቁጥር የማይወጣለት ቦታ ካጋጠማችሁ «ሾው ግሪድ» በሉ፤ ስክሪኑ በዘጠኝ ይከፈላል፣ የምትፈልጉትን ክፍል ስትጠሩ ያ ክፍል እንደገና በዘጠኝ ይከፈላል፣ እንዲህ እያላችሁ የምስማር ራስ የምታህል ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። ማረፍ ስትፈልጉ «ቮይስ አክሰስ ስሊፕ»፣ ስትመለሱ «ቮይስ አክሰስ ዌክ አፕ»።

ሲሳሳት «አንዱ ዛት» (undo that) ስትሉ ይመልሳል። ቃል ካበላሸ «ኮሬክት ዛት» ስትሉ አማራጮች በቁጥር ይደረድራል። የራሳችሁን ትዕዛዝም መፍጠር ትችላላችሁ፤ በአንድ ቃል ፋይል የሚከፍት፣ የቁልፍ ጥምረት የሚጫን ወይም የተዘጋጀ ጽሑፍ የሚለጥፍ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ወደ አማርኛው ስንመጣ ታስፈልገናለች።

እጁን ፈጽሞ ለማይጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ፓስወርድ ከመግባቱ በፊት እንዲነሳ አድርጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ያለዚህ ጠዋት ጠዋት የይለፍ ቃሉን የሚነካለት ሰው መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ቤት ውስጥ ለአባታችሁ ወይም ለእህታችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አብሩት።

ስለ አነጋገራችን ደግሞ። እኛ «ስክሮል» ስንል ከፊቱ «እ» እንጨምራለን። አሜሪካዊ ለመምሰል አትልፉ፤ ቶሎ ይደክማችኋል፣ ነገ ደግሞ በሌላ ድምፅ ትናገራላችሁ። በራሳችሁ አነጋገር፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት፣ ቃሉን ሳትቆራርጡ ተናገሩ። ቮይስ አክሰስ ከአሜሪካው ሌላ የእንግሊዝ፣ የሕንድ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ እንግሊዝኛ አለው። እየቀያየራችሁ ሞክሩ። እኔን ከአሜሪካው ይልቅ የእንግሊዙ በደንብ ሰምቶኛል።

ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 11 ካልተቀበለስ? እዚህ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። እዚያ ላይ ያለው የድሮው ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔትም ነው። ከቮይስ አክሰስ ይልቅ ብዙ ይሳሳታል። ግን ጽሑፍ እያነበባችሁለት ድምፃችሁን የምታለማምዱበት ክፍል አለው፤ ሦስት አራት ጊዜ ብታነቡለት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ስላበቃ ግን ለረጅም ጊዜ አትመኩበት።

ማክ

ማክ ያላችሁ ብዙ መጨነቅ የለባችሁም። ቮይስ ኮንትሮል እ.ኤ.አ. ከ2019 ካታሊና ከሚባለው የማክ ስሪት ጀምሮ ውስጡ አለ፣ ነፃ ነው፣ ድምፃችሁን እዚያው ማሽኑ ላይ ነው የሚሰማው። ቁጥሩም ግሪዱም አለው። «ኮማንድ ሞድ» ስትሉ ማዘዝ ብቻ፣ «ዲክቴሽን ሞድ» ስትሉ ደግሞ ትዕዛዝ ያልሆነውን ሁሉ ይጽፋል። የራሳችሁን ቃላት መዝገብ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ፤ «ቀበሌ»ን፣ «እንጀራ»ን፣ የሰዎችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አስገብቼ ከብዙ እርማት ተርፌያለሁ። በእኔ ግምት ከነፃዎቹ ሁሉ ለማረም የሚቀለው ይኸኛው ነው። ለእሱ ብሎ ማክ መግዛት ግን አያስፈልግም።

ኮምፒውተር የሌላችሁ፣ ስልክ ብቻ ያላችሁም አልተረሳችሁም። አይፎን ላይ ይኸው ቮይስ ኮንትሮል አለ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ የጉግል ቮይስ አክሰስ አለ፤ ስሙ ከማይክሮሶፍቱ ጋር አንድ ሆነ እንጂ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ እሱም ነፃ ነው።

ቴለን፦ ከባድ ነው፣ ግን ሌላ ዓለም ነው

ቴለንን የሠራው እጁን አሞት መጻፍ ያቃተው ፕሮግራመር ነው። ያም ከአሠራሩ ያስታውቃል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ በሊኑክስ ግን ኤክስ 11 በሚባለው የድሮው የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ከሌሎቹ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። በሌሎቹ አንድ ትዕዛዝ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ሌላ ትላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። በቴለን አከታትላችሁ ሳታርፉ ትናገራላችሁ። ለእንግሊዝኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው አጭር ቃል አላቸው፤ ኤ «ኤር»፣ ቢ «ባት»፣ ሲ «ካፕ»፣ ዲ «ድረም» እያለ ይቀጥላል። «ኤር ባት ካፕ» ብትሉ ሦስቱም ፊደላት ባንድ ትንፋሽ ይጻፋሉ። ለአፋችሁ ያልመቸውን ቃል ፋይሉ ውስጥ ገብታችሁ በሌላ መተካት ትችላላችሁ። እኔ ለቪ የተሰጠውን «ቬስት» ቀይሬዋለሁ፤ ስቸኩል «ቤስት» እያልኩ ተቸግሬ ነበር።

ከቃል ውጪ ድምፅም ይሰማል። ከንፈራችሁን ገጥማችሁ «ፖፕ» ስታደርጉ ክሊክ ያደርጋል፣ «ስስስ» ስትሉ ገጹ ይወርዳል። የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተል የቶቢ መሣሪያ ከስክሪኑ ሥር ብታስቀምጡ ደግሞ ዓይናችሁ ያረፈበት ላይ ፖፕ ማለት ብቻ ይበቃል። ያንን መሣሪያ ያየሁት በአንድ ወዳጄ ቤት ነው። ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። ካርታ ከፍቶ፣ ዓይኑን እያሳረፈ፣ በከንፈሩ «ፖ፣ ፖ» እያለ ያደገበትን ሰፈር መንገድ ለመንገድ አሳየኝ። እኔ በማውስ እንደዚያ አልፈጥንም።

ችግሩ መጀመሪያው ነው። ፕሮግራሙን ብቻ ብትጭኑት ምንም አያደርግም፤ ሰዎች በጋራ ያዘጋጁትን የትዕዛዝ ስብስብ ጊትሀብ ከሚባለው የኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ አውርዳችሁ በትክክለኛው ፎልደር ማስቀመጥ አለባችሁ። ማስተካከያው ሁሉ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ ገብቶ መጻፍ ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ለእናቴ ግን አልጭንላትም።

ድራገን ይግዛ ወይስ አይገዛ?

ድራገን የዘርፉ አንጋፋ ነው። ሳይቆራርጡ የሚናገሩትን የሚጽፈው ስሪቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ባለቤቱን ኑዋንስን ማይክሮሶፍት በ2022 ጠቅልሎ ገዝቶታል። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በማስጻፍ፣ በተለይ የሕግና የሙያ ቃላት በበዙበት፣ ዛሬም ጎበዝ ነው። ያረማችሁትን ይማራል። ዋጋው ግን ለፕሮፌሽናሉ 700 ዶላር ገደማ ነው፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ የማኩ እ.ኤ.አ. በ2018 ቆሟል።

ስለዚህ ጥያቄው የምትጽፉት በምን ቋንቋ ነው የሚል ነው። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሪፖርት የምትጽፉ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ግን አሠሪያችሁን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል። አገር ቤትም አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አይጠይቅም። በጽሑፍ ጠይቁ።

የምትጽፉት በአማርኛ ከሆነ አትግዙት። አማርኛ አያውቅም፣ ለማዘዝ ብቻ ደግሞ ነፃዎቹ ይበቃሉ።

አማርኛውን እንዴት እናስጽፈው?

ጉግል አማርኛን በድምፅ ማስጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ ነው። ኮምፒውተር ላይ በክሮም ጉግል ዶክስ ትከፍታላችሁ፣ ቱልስ ውስጥ ቮይስ ታይፒንግ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ከቋንቋዎቹ አማርኛን። ኢንተርኔት የግድ ነው። ድምፃችሁም ወደ ጉግል ስለሚሄድ የታካሚ ወይም የደንበኛ ምስጢር አታስጽፉበት።

በጥሩ ማይክ፣ በዕለት ተዕለት አማርኛ በደንብ ይጽፋል። የሚቸገረው በፊደላችን ነው። «ፀሐይ ሠረቀች» ለማለት ፈልጋችሁ «ሰረቀች» ቢላችሁ አትገረሙ፤ ለጆሮ አንድ ናቸው። ፊደል የምታከብሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ ማረም ይጠብቃችኋል።

አሁን ዋናው ችግር። አዛዡም ጸሐፊውም አንድ ማይክ ነው የሚሰሙት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቮይስ አክሰስን «ፕሬስ ኮንትሮል ሺፍት ኤስ» እለዋለሁ፣ የዶክሱ ማይክ ይበራል። ወዲያው «ቮይስ አክሰስ ስሊፕ»። አዛዡ ተኛ። አንቀጼን በአማርኛ እናገራለሁ። ስጨርስ «ቮይስ አክሰስ ዌክ አፕ»፣ ከዚያ እንደገና «ፕሬስ ኮንትሮል ሺፍት ኤስ»። ዶክሱ ግን እነዚህንም ትዕዛዞች እንደ አማርኛ ሰምቶ ግራ የሚያጋባ ቃል ያደርጋቸዋል። በየአንቀጹ ጫፍ እንዲህ ያለ ገለባ ይቀራል። እየቆምኩ ከማጸዳ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ባንድ ጊዜ እጠርገዋለሁ። በማክም መንገዱ ያው ነው፤ በ«ኮንትሮል» ፈንታ «ኮማንድ» ትላላችሁ፣ ማስተኛው «ጎ ቱ ስሊፕ»፣ መቀስቀሻው «ዌክ አፕ» ነው። ዶክሱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካላችሁ ወይም ወደ ሌላ ታብ ከሄዳችሁ ማይኩን ራሱ ይዘጋል፤ የምትሉትን አስቀድማችሁ አስቡ።

አራት ነጥብስ? ጉግል ሥርዓተ ነጥብ በቃል የሚቀበለው በጥቂት ቋንቋዎች ነው፣ አማርኛ የለበትም። እኔ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አራት ነጥብ» እያልኩ አስጽፋለሁ። እሱም ቃሉን ይጽፈዋል። መጨረሻ ላይ ፈልጎ መተኪያውን በ«ፕሬስ ኮንትሮል ኤች» ከፍቼ የተጻፈውን ሁሉ በ«።» እተካለሁ። እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው አንድ ጊዜ እዩና እሱኑ ፈልጉ። «።»ን ራሷን እንዴት ታስገባላችሁ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ «።»ን የሚለጥፍ የራሳችሁን ትዕዛዝ ፍጠሩ። ይህን እስካገኝ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ እናንተ ዛሬውኑ ጀምሩት።

አንድ ጣት እንኳ የሚሠራላችሁ ከሆነ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ያንኑ ዶክስ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። በስልኩ ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) አማርኛውን አስጽፉ፣ ላፕቶፑን በእንግሊዝኛ እዘዙ። ጽሑፉ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ራሱ ይመጣል። ስልኩን ራቅ አድርጉት እንጂ ትዕዛዛችሁን እሱም ይሰማል።

ማይክና ጉሮሮ

ፕሮግራም ከመቀየራችሁ በፊት ማይክ ቀይሩ። የላፕቶፑ ማይክ የጎረቤት ጄነሬተርም የእናንተም ድምፅ እኩል ነው የሚሰማው። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ አለቀ። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ከአፍ ፊት የሚዘረጋ ማይክ ያለው ሄድሴት ግዙ። ማይኩ ከአፋችሁ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሻችሁን ይቀዳል። ብሉቱዝ ማይኩ ሲበራ የድምፁን ጥራት ስለሚቀንስ ባለገመዱን ምረጡ።

ጉሮሯችሁንም ጠብቁ። እጄን ላድን ብዬ በመጀመሪያው ወር ድምፄ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ፕሮግራሙ ሳይሰማኝ ሲቀር እየጮህኩ ነበርና። ጩኸት አይጠቅመውም። ውኃ አጠገባችሁ አድርጉ፣ በግማሽ ሰዓት አንዴ ዝም በሉ።

ምርጫችሁን ለመወሰን ይህን አድርጉ። ሁለት እጃችሁን ከጭናችሁ ሥር አስገቡና ተቀመጡ። ብሮውዘር ክፈቱ፣ ኢሜይላችሁን አግኙ፣ ሦስት መስመር መልስ ጻፉ፣ አንድ ቃል ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ አርሙ፣ ላኩ፣ ዝጉ። እጃችሁ ከጭናችሁ ሥር በወጣ ቁጥር ምን ሊያደርግ እንደወጣ ያዙ። በአንድ ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት በሁሉም አድካሚ ስለሆነ በእሱ አትፍረዱ። ከዚያ ሌላውን በዚሁ ሥራ ሞክሩና እጃችሁ ያነሰ ጊዜ የወጣበትን ያዙ።